ስለ ቮኮደር መኪናና ስለ አውኝኛ ዘፈን

ቮኮደር የሚባለው፥ የሰውን ቃል ከሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ ጋራ አዋሕዶ መሣሪያውን የሚያናግረው የኤሌክትሪክ መኪና ዛሬ እንደ ገና ተፈላጊ ሆኗል። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 ያወጣውን ቪፒ 330 ሌላ ፋብሪካ አስመስሎ ሠርቶ ለገበያ አቅርቦታል። ስለዚህም «አሮጌው መኪና ነፍስ አለው፤ ለወጣቶቻችን ይምጣላቸው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን አውኝኛ ለሚዘፍን ሰው ይህ ምክር ያለ ምርመራ የተሰጠ ነው እላለሁ።

መኪናው ከመጀመሪያው ለዘፈን አልታሰበም። ሆመር ደድሊ የሚባል አሜሪካዊ በቤል ላቦራቶሪ ያወጣው ለቴሌፎን ሥራ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የሹማምንትን ምስጢር ለማስተላለፍ አገልግሏል። የተናጋሪውን ድምፅ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ እንደ ወንፊት ይከፋፍልና የእያንዳንዱን ክፍል ብርታት ይለካል፤ በዚያም ልክ የመሣሪያውን ድምፅ ያበረታል ወይም ያደክማል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከሰውየው የሚወሰደው የአፉ ቅርጽ ነው እንጂ የድምፁ መውጣትና መውረድ አይደለም፤ እርሱ ከመሣሪያው ቁልፍ ይመጣል።

አማርኛ ዘፋኝ ይህን ቢያጣ ቃሉ አይጠፋበትም። በአውኝኛ ግን የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ቃልን ከቃል ይለያል። ሮበርት ሄትዝሮን ከፍታውን በሦስት ደረጃ ከፍሎት ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የተነሣ መርማሪ ሁለት ነው ብሏል። በቍጥሩ ይከራከሩ እንጂ በመኖሩ አልተከራከሩም።

«ዘፋኝስ በዜማው የንግግሩን ከፍታ ይለውጥ የለምን?» ይሉኝ ይሆናል። ይለውጣል፤ ነገር ግን በዜማው ውስጥ ቃሉን የሚያድንባትን ጥቂት ማዘንበል ጉሮሮው ያውቃታል፤ ቁልፉ አያውቃትም።

አሮጌ መኪና ጠልቼ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን በአኮርዲዮንና በሙግ የቀዳው ካሴት በ2013 እንደ ገና ሲታተም ብዙ ባዕዳን የእኛን ዜማ ወደዱት። በዚያ ግን መሣሪያው ዜማውን ተሸከመ እንጂ የማንንም ቃል ከአፉ አልወሰደም።

እንግዲህ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ይህን መኪና ገዝቶ አውኝኛ የሚያዘፍንበት ሰው ቢኖር፥ ግጥሙን ያልሰሙ ሽማግሌዎችን ጠርቶ ያሰማቸውና ቃሉን መልሰው ይንገሩት። መመለስ ካቃታቸው መኪናውን ይሽጥና በዋጋው ደኅና ማይክሮፎን ይግዛበት።