ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ጀልባዋን ማን ያጥባታል?

ጽሑፏ ትንሽ ረዘም ትላለች፣ ታገሡኝ።

ሰሞኑን ፓኬጅ ርካሽ በሚሆንበት የሌሊት ሰዓት በሸራ ጀልባ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ቪዲዮ እያየሁ ነው። ቤታቸውም መኪናቸውም ጀልባዋ ናት። መጀመሪያ የሳበኝ እንደማንኛችሁም ሰማያዊው ባሕርና ዶልፊኑ ነበር። እየቆየ ሲሄድ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። እነዚህ ሰዎች ከሚጓዙበት ጊዜ ይልቅ የሚጠግኑበት ይበዛል! ጠዋት ቡና ሳይጠጡ በፊት ወለሉን ከፍተው ከጀልባዋ ሆድ ውስጥ ውሃ ገብቶ እንደሆነ ያያሉ። ከዚያ የሞተር ዘይት፣ ቺንጊያ፣ የናፍታ ፊልትሮ። ሸራው ጣት በምታህል ቦታ ከተተረተረ ያኑኑ ዕለት መርፌና ክር ይዘው ይቀመጣሉ። በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ ደግሞ ጀልባዋን ከውሃ አውጥተው ከሥር የተለጣጠፈባትን ፍጥረት ሁሉ ፍቀው ቀለም ይቀቧታል። ሞተሩ የሠራበት ሰዓት ሳይቀር በደብተር ይጻፋል።

እኔ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝና አንዷን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከጀልባዋ ሥር፣ ከኤሊካው አጠገብ፣ የዚንክ ቁራጭ ያስራሉ። ጨዋማ ውሃ ብረትን ሲበላ ቀድሞ የሚበላው ዚንኩን ነው፤ ኤሊካው ይተርፋል። ዚንኩ ተበልቶ ሊያልቅ ሲል በአዲስ ይቀየራል። ይሄንን "ኤሌክትሮኬሚስትሪ" ብለን በሰሌዳ ላይ ስናስተምረው ልጆቹ ያዛጋሉ። አልፈርድባቸውም።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። ከዲላ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ከወረድን አባያ አለ። ከጣና ቀጥሎ በስፋት ሁለተኛው ሐይቃችን ነው፤ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። በሐይቁ ደሴቶች፣ ለምሳሌ ጊዲቾ ላይ፣ ሰው ይኖራል። ለነሱ ጀልባ መዝናኛ አይደለችም፣ ወደ ገበያና ወደ ሐኪም መሄጃ መንገድ ናት። ለዓሣ አጥማጁ ደግሞ እንጀራ። ጉማሬና አዞ ባለበት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሞገድ በሚያመጣ ሐይቅ ላይ ሞተር መሐል መንገድ ጠፋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ባለፈው ክረምት ሐይቁ ዳር ሄጄ ያየሁት ይሄ ነው። ለአጥማጆች ማኅበር የተሰጠች የፋይበር ግላስ ጀልባ ተገልብጣ ሣር ላይ ተኝታለች። ሞተሯ ተፈቶ አንድ ቤት ጥግ ላይ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ማን እንደሰጠ አልጠቅስም፣ ነገሩ የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለማ። ርክክብ ነበር፣ ሪባን ነበር፣ ፎቶ ነበር። ከዚያች ጀልባ አጠገብ ደግሞ እንደ ቡሽ ከሚቀል የሐይቅ ዳር እንጨት የታሰረች የአገሬው ጀልባ ለሥራ እየተዘጋጀች ነበር። ባለቤቱ ማሰሪያውን እያጠበቀ ነው። የጣናን ታንኳ የሚያውቅ ነገሩ ይገባዋል። የደንገል ታንኳ ከውሃ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ካልደረቀ ውሃ ጠጥቶ ይበሰብሳል፣ ስለዚህ በየቀኑ ይቆማል። የትኛውም ሥልጠና ላይ ያስተማራቸው የለም።

ሞተሩ ለምን ሞተ? ስጠይቅ "ጋለና ቆመ" ነው መልሱ። ይሄ የሚያስደንቅ አይደለም። አባያ ቀይ ነው፤ ጊዳቦም ገላናም ከደጋው አፈር ተሸክመው ነው የሚገቡበት። የጀልባ ሞተር ደግሞ የሚቀዘቅዘው የሐይቁኑ ውሃ እየሳበ ነው። ውሃውን የምትስበው ክንፍ ክንፍ ያላት ትንሽ የላስቲክ መዘውር ናት፣ በመዳፍ ውስጥ ትገባለች። ደለል ቶሎ ይበላታል። ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ እንደ ክር ቀጥና የምትፈስ ውሃ አለች፣ ያቺ ክር ከቆመች ወዲያው ማጥፋት ነው። ማታ ሞተሩን በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ መዘውሯን በየጊዜው ከፍቶ ማየትና መቀየር ነው፣ በቃ። ይሄ ካልሆነ ሞተሩ ግሎ ይነክሳል። ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣ ሞተር በአንዲት ላስቲክ ምክንያት ቤት ጥግ ይቆማል ማለት ነው።

"ድሃ አገር ነን፣ መለዋወጫ የለም" የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መለዋወጫው መጥፋቱ እውነት ነው። ግን ጀልባዋን ሲገዙ አብሮ ቢገዛ ምን ነበረበት? ድህነትን ካነሣን ደግሞ ጆሹዋ ስሎከም የሚባል መርከበኛ ነበር። ገና በልጅነቱ ከትምህርት ቤት የወጣ ሰው ነው። ሜዳ ላይ የበሰበሰች አሮጌ ጀልባ ሰጡት፣ 13 ወር ፈጅቶ በ553 ዶላር ከ62 ሳንቲም ሠራት። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1895 እስከ 1898 ብቻውን ዓለምን ዞሮባት ተመለሰ። በታሪክ የመጀመሪያው ነው። ውቅያኖስ መሐል ጋራዥ የለም እኮ!

እኛም ብንሆን ጥገና አናውቅም ማለት ውሸት ነው። ይርጋጨፌም ሆነ ኮቸሬ ሂዱ፣ የቡና ወቅት ሳይገባ የመፈልፈያው ማሽን ይፈታል፣ ግሪስ ይቀባል፣ ያረጀው ይቀየራል። ምክንያቱም እሸት ቡና ገብቶ ማሽኑ አንድ ቀን ቢቆም ኪሳራው የባለቤቱ ነው። የዲላ ባጃጅ ሹፌርም ፒንሳና ካንዴላ ሳይዝ አይወጣም። ሐይቁ ዳር የተኛችው ጀልባ ግን የማኅበሩ ናት፣ የማኅበሩ ሲሆን ደግሞ "ሰጪው ይጠግነው" ይባላል። ሰጪው "አስረክቤያለሁ" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ መሐል ላይ ሞተሩ ይዝጋል።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ጀልባ የሚሰጥ አካል ከሁለት ጀልባ አንዱን ይተው። በተረፈው ገንዘብ የአንዷን መለዋወጫ በሣጥን ሞልቶ ይስጥ፣ ከአጥማጆቹ ልጆች ሁለቱን መርጦ ሞተር መፍታትና መግጠም ያስተምር። ሥልጠናው ደግሞ እባካችሁ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ በአበል አይሁን፣ ጀልባዋ ባለችበት ጭቃ ላይ ይሁን። ለነዚያ ሁለት ልጆች ማኅበሩ ከዓሣው ሽያጭ ደመወዝ ይቁረጥላቸው። ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት የሚጽፉበት ደብተርም ይኑራቸው፤ ደብተሩ ሲታይ ማን እንዳላጠበ ይታወቃል። (በዲፕሎማ የማስተምር ሰው ስለሆንኩ "ባለሙያ ይምጣ" የሚለው አነጋገር ብዙም አይዋጥልኝም። እጁን ያፍታታ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ያቺን ላስቲክ ይቀይራታል።)

እኔ በበኩሌ ከክፍሌ እጀምራለሁ። ዲላ ውስጥ ሆቴል የምትሠሩ ወይም ቦይለር የምትጠግኑ ካላችሁ፣ ቦይለር ስትፈቱ ከውስጥ የሚወጣው የተበላ የማግኒዝየም ዘንግ የጀልባው ዚንክ ወንድም ነው። አትጣሉት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ መጥቼ እወስዳለሁ። ልጆቹ በእጃቸው ይዘው እንዲያዩት ነው።