የውድድር መታሰቢያ ዕቃና የታሪክ ምስክርነት

የሰው ዕድሜ አጭር፤ የሚረሳውም ነገር ብዙ ስለ ሆነ፤ ያለፈው ትውልድ ሥራውን ለሚመጣው ትውልድ የሚያስተላልፈው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጽሑፍ ነው፤ ሁለተኛውም በእጅ የሚዳሰስ ዕቃ ነው። ጽሑፍ ቢጠፋ ዕቃው ይመሰክራል፤ ዕቃውም የሚያስረዳለት ጽሑፍ ባይኖረው አንደበት እንደሌለው ምስክር ይሆናል። ይህንን ለማስረዳት በአሜሪካ በኮኔቲከት ግዛት በሐርትፎርድ ከተማ አጠገብ በየዓመቱ የሚደረገውን የጎልፍ ውድድር ምሳሌ አድርገን እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎልፍ ማለት ትንሽ ኳስ በበትር እየመቱ በሰፊ መስክ ላይ በተርታ ወደ ተዘጋጁ 18 ጉድጓዶች የማስገባት ጨዋታ ነው። ሁሉንም በጥቂት ምት የጨረሰ አሸናፊ ይሆናል። ጨዋታውን መተዳደሪያቸው ያደረጉ ሰዎች በየከተማው እየተዘዋወሩ ይወዳደራሉ።

የሐርትፎርድን ውድድር በ1952 ያቋቋሙት የከተማይቱ ወጣት ነጋዴዎች በማኅበራቸው አማካይነት ነው። ከተማይቱ በኢንሹራንስ ሥራ የታወቀች ስለ ሆነች ውድድሩ መጀመሪያ «የኢንሹራንስ ከተማ ውድድር» ተባለ። በዌዘርስፊልድ መስክ በተደረገው በዚህ በመጀመሪያው ውድድር ያሸነፈው ቴድ ክሮል ነበር። በ1967 ስሙ ተለውጦ «የታላቂቱ ሐርትፎርድ ውድድር» ሆነ። ከ1973 እስከ 1988 በዘፋኙ በሳሚ ዴቪስ ጁኒየር ስም ተጠራ። በ1984 ከዌዘርስፊልድ ወደ ክሮምዌል ተዛወረ። ከ2004 እስከ 2006 የቢዩክ አውቶሞቢል፤ ከ2007 ጀምሮም የትራቭለርስ ኢንሹራንስ ኩባንያ ስም ተሰጠው።

እንግዲህ ስሙም ቦታውም እንዲህ ከተለዋወጠ፤ ይህ ሁሉ የአንድ ውድድር ታሪክ መሆኑን ምን ያስረዳል? የሚያስረዳውስ በየዓመቱ የታተመው መርሐ ግብር፤ የመግቢያው ቲኬት፤ የምት መመዝገቢያው ወረቀትና በጉድጓዱ ላይ የተተከለው ትንሽ ባንዲራ ነው። ለማያውቅ ሰው እነዚህ ያረጀ ወረቀትና ቍራጭ ጨርቅ ናቸው፤ ለሚያስተውል ግን የከተማይቱ መዝገብ ናቸው።

ከእነዚህም ሁሉ የ1967 ዓመት መታሰቢያ የተለየ ክብር ይገባዋል። የአሜሪካ የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር ከ1934 እስከ 1961 ድረስ ከነጭ ዘር በቀር ሌላ ሰው አባል እንዳይሆን በደንቡ ጽፎ ይከለክል ነበር። በ1922 በሰሜን ካሮላይና የተወለደው ጥቁሩ ተጫዋች ቻርሊ ሲፎርድ የጥቁሮችን ብሔራዊ ውድድር 6 ጊዜ አሸንፎ ሳለ፤ ክንዱ በጠነከረበት ዘመን የማኅበሩ በር ተዘግቶበት ቆየ። ደንቡ በተሻረበት ዓመት ዕድሜው 39 ደርሶ ነበር። እርሱ ግን ተስፋ ሳይቈርጥ በ1967 በ45 ዓመቱ ወደ ሐርትፎርድ መጣ፤ በመጨረሻው ቀን በ64 ምት ጨርሶ ስቲቭ ኦፐርማንን በአንድ ምት ቀደመው። የተቀበለውም ሽልማት 20,000 ዶላር ነበር። በዚህ ደረጃ ካሉት የባለሙያዎች ውድድሮች አንዱን ካሸነፉት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሰዎች አንዱ እርሱ ሆነ። ይሁን እንጂ በኦገስታ ወደሚደረገው ታላቁ የማስተርስ ውድድር አንድ ጊዜም ሳይጠራ የጨዋታው ዘመን አለፈ። ሲፎርድ በ2015 ዐረፈ።

ሁለተኛው ምስክር የ2003 ዓመት መታሰቢያ ነው። በዚያ ዓመት የኮኔቲከት ተወላጅ ያልሆነች ነገር ግን በዚያው ግዛት ጎልፍ የምታስተምር ሱዚ ዌሊ፤ በ2002 የግዛቱን የባለሙያዎች ውድድር አሸንፋ ባገኘችው መብት ከወንዶች ጋራ በሐርትፎርድ ተጫወተች። ከ1945 ከቤብ ዘሃርያስ ወዲህ ይህን መብት በውድድር ያገኘች ሴት አልነበረችም። በ2018 ይህች ሴት፤ ሲፎርድን ከልክሎ የነበረውን የዚያኑ ማኅበር የፕሬዚዳንትነት ሥልጣን ከሴቶች መጀመሪያ ሆና ተቀበለች። ከዚህ የበለጠ የዘመን ለውጥ የሚያሳይ ነገር ምን አለ?

አሁን ያለውን ሁኔታ ስንመለከት ገንዘቡ እጅግ በዝቷል። በ1967 ለተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የተመደበው 100,000 ዶላር ሲሆን በ2025 ግን 20,000,000 ዶላር ደርሷል። ነገር ግን ታላላቆቹን ተጫዋቾች ለመሰብሰብ ሲባል የተወዳዳሪው ቍጥር ወደ 70 ገደማ ዝቅ ስላለ፤ እንደ ዌሊ ከአገር ቤት ውድድር ተነሥቶ ለሚመጣ ሰው በሩ ጠብቧል። ከውድድሩ የሚተርፈው ገንዘብ ለበጎ አድራጎት መዋሉ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ውድድሩ ስሙን ያገኘው ከገንዘቡ ብዛት ሳይሆን ለማይታሰቡ ሰዎች በሩን ከመክፈቱ መሆኑ መረሳት አይገባውም።

የመታሰቢያ ዕቃም ዛሬ እንደ ሸቀጥ የሚሸጥና የሚገዛ ሆኗል። ለገንዘቡ የሚገዛው ሰው ዋጋውን እንጂ ታሪኩን አይጠብቅም። ትልቅ ሙዚየም መኖሩም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሲፎርድ በ2004 የተመዘገበበት የዓለም የጎልፍ የክብር አዳራሽ በፍሎሪዳ የነበረውን ቤቱን በ2023 ዘግቶ በ2024 ወደ ሰሜን ካሮላይና ተዛውሯል። ስለዚህ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን መታሰቢያ በቤተ መጻሕፍቱና በታሪክ ማኅበሩ ሰብስቦ፤ የማን ዕቃ እንደ ሆነ፤ በየትኛው ዓመት ምን እንደ ተደረገበት ጽፎ ሊያኖር ይገባዋል።

ሲጽፍም ድሉን ብቻ ጽፎ ክልከላውን አይሸሽግ። የሲፎርድ ዋንጫ ብቻውን ቢታይ ጌጥ ነው፤ ከተዘጋበት በር ታሪክ ጋራ ሲታይ ግን ለልጆች ትምህርት፤ ለሹማምንትም ተግሣጽ ይሆናል። ያለፈውን በደል በግልጥ የሚናገር ከተማ ክብሩ አይቀነስም፤ የደበቀው ግን ልጆቹ ያንኑ በር መልሰው ሲዘጉ ባየ ጊዜ የሚጠቅሰው ምስክር ያጣል።