ስልኩ በማን ሰዓት ይደውል?

ሰው የዕለት ድካሙን የሚያቀልለትን ብልሃት ከመፈለግ ያረፈበት ዘመን የለም። በዘመናችን በየኪሱ የሚገኘው ስማርት ስልክም አንድ ተጨማሪ አገልግሎት ይዞ ቀርቧል። ይኸውም ባለቤቱ በየቀኑ በጣቱ የሚፈጽመውን ትንንሽ ሥራ፣ አንድ ጊዜ ደንብ ከተሰጠው በኋላ፣ ራሱ አስታውሶ ራሱ መፈጸሙ ነው። ጉዳዩ ለተማሪውና ለወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው ዛሬ በሐረር ከተማ ምሳሌነት ልንመረምረው ወደድን።

ሐረርን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐኪም ጋራ ላይ ቆሞ ቍልቍል የተመለከተ ሰው አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩትን የጀጎልን ግንብ ከነከተማው ያየዋል። የዚህ ግንብ አምስት በሮች በጥንት ጊዜ ሲመሽ ይዘጉ፣ ሲነጋ ይከፈቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 ወደ ከተማይቱ የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን፣ ማታ ማታ ቍልፎቹ ለአሚሩ እንደሚቀርቡና ከዚያ ወዲያ እስኪነጋ የሚወጣ ሰው እንደሌለ ጽፏል። ደግሞም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር የተዘረጋው ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ነው። እንግዲህ ቀንን በደንብ መምራትም ሆነ ስልክ ለሐረር እንግዳ ነገሮች አይደሉም።

የአሁኑ ስልክ ደንብ አሠራሩ ቀላል ነው። «ይህ ሲሆን ያንን አድርግ» ማለት ብቻ ነው። ምክንያቱ ሰዓት፣ ቦታ ወይም የባትሪው መጠን ሊሆን ይችላል። ተግባሩም ድምፅን መዝጋት፣ ዳታን ማጥፋት፣ ብርሃንን መቀነስ፣ መልእክት መላክ ነው። በአይፎን ስልኮች «ሾርትከትስ» የተባለው መተግበሪያ ለዚሁ ተግባር ውሏል። የሳምሰንግ ስልኮችም «ሩቲን» የሚሉት የራሳቸው መሣሪያ አላቸው። ዋጋው አነስተኛ የሆነ ስልክ የያዘም ቢሆን በሰዓት የሚዘጋና የሚከፈት የጸጥታ ደንብ በስልኩ ቅንብሮች ውስጥ አያጣም።

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር አያስፈልገኝም» የሚል ወጣት አይጠፋም። ነገር ግን ባለቤቱ ደንብ ባያወጣለትም ስልኩ ያለ ደንብ አይኖርም። በውስጡ የተጫነው እያንዳንዱ መተግበሪያ መቼ እንደሚጮኽና መቼ «ና፣ ተመልከተኝ» እንደሚል አስቀድሞ በሠሪው ተወስኗል። የሠሪው ትርፍ ደግሞ ተመልካቹ ብዙ ጊዜ ሲቈይ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ስልክ በደንብ ይመራ ወይስ አይመራ የሚል አይደለም። ደንቡን የሚያወጣው ማን ነው የሚል ነው እንጂ።

በሐኪም ወረዳ የሚኖር አንድ ወጣት ሠራተኛ እናስብ። ሥራው ጧት 2 ሰዓት ተኩል ይጀምራል፤ ማታ ደግሞ ይማራል። ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል ስልኩ ድምፁን ይዘጋል፤ በምሳ ሰዓት ይከፍታል፤ ማታ ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ቴሌግራምና የመሳሰሉት ዝም ይላሉ። ይህ ሁሉ አንድ ቀን ለአሥር ደቂቃ ተቀምጦ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ እነዚህ መሣሪያዎች የተሠሩት በሌላ አገር የቀን አቈጣጠር ነው። ስልኩ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ ለእኛ ዓርብ ሌሊት 7 ሰዓት የሆነው ለእርሱ ቅዳሜ 1 ሰዓት ነው። እስከዚያ ሰዓት የሚያጠና ተማሪ ደንቡን በዓርብ ስም ቢጽፈው አንድ ሌሊት ቀድሞ ይደውልበታል። ወሩም እንዲሁ ነው። መስከረም 30 ቀን በተለመደው ዓመት ኦክቶበር 10 ላይ ይውላል፤ ነሐሴ 30 ግን ሴፕቴምበር 5 ነው። በየወሩ መጨረሻ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው «በየወሩ በ10ኛው ቀን አስታውሰኝ» ብሎ ቢያዝ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ማስታወሻው አምስት ቀን ዘግይቶ ይደርሰዋል። መድኀኒቱ «በየ30 ቀኑ» ብሎ ማዘዝ፣ በጳጉሜን ደግሞ አምስቱን ወይም ስድስቱን ቀን ጨምሮ አንድ ጊዜ ማስተካከል ነው።

የዓርብ ደንብ ከሐሙስ መለየት አለበት፤ የጁምዓ ሶላት በሚሰገድበት ሰዓት ስልክ መጮኹ ነውር ነውና። የረመዳንም ደንብ ከዓመት ዓመት አይጸናም። ጾሙ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ፣ የአምናው የሱሑር ደወል ለዘንድሮ አይሆንም። በቦታ የሚታዘዝ ደንብም ጥንቃቄ ይሻል። በጀጎል ጠባብ መንገዶች ግድግዳው ሰማዩን ስለሚሸፍነው ስልኩ ከሳተላይት የሚቀበለው ምልክት ይደክማል። ሐኪም ጋራ ላይ በትክክል የሚያውቀውን ቦታ እዚያ ሊስት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ ካለው፣ «ይህን ዋይፋይ ስታገኝ ዝም በል» ብሎ ማዘዙ የተሻለ ነው። ባትሪ ለመቈጠብ ሲሉ ከጀርባ የሚሠራውን መተግበሪያ የሚያቋርጡ ስልኮችም ስላሉ፣ አንድ ሳምንት ያህል ሳይፈትኑ በደንቡ መተማመን አይገባም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የጨዋነቱ ጉዳይ ነው። ጸጥታው በር ሁሉ የተዘጋበት ከሆነ፣ እናቱ ታመው የሚፈለገው ልጅ አይገኝም። ስለዚህ የቤተ ዘመድ ቍጥሮች በጸጥታውም ጊዜ እንዲያልፉ አስቀድሞ መፍቀድ ያስፈልጋል። በአንድሮይድ ስልኮች ያው ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ቢደውል ጥሪው እንዲሰማ የሚያደርግ ፈቃድ አለ፤ እርሱን መክፈት ይበጃል። በራሱ የሚሄደው መልእክትም አጻጻፉ ይታሰብበት። የእኛ ቋንቋ «አንተ» እና «እርስዎ» እያለ ሰውን በማዕርጉ ይጠራል፤ ስልኩ ግን አባትን ከባልንጀራ አይለይም። «ስብሰባ ላይ ነኝ፤ በኋላ ደውል» የሚለው ቃል ለጓደኛ ቢያልፍም ለሽማግሌ ድፍረት ነው። «ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ይቅርታ፣ ቈየት ብዬ እደውላለሁ» ቢባል ግን ለሁሉም ይሆናል። እደውላለሁ ያለም መደወል አለበት፤ ይህን ስልኩ አይፈጽምለትም።

ገንዘብም እንደዚሁ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያ በስልክ መፈጸም የብዙ ሰው ልማድ ሆኗል። የመክፈያውን ቀን ስልኩ ያስታውስ፤ ክፍያውን ግን ሰው ሒሳቡን ተመልክቶ በእጁ ይፈጽም። ማስታወስና መወሰን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያውን ለመሣሪያ አሳልፎ መስጠት ዕረፍት ነው፤ ሁለተኛውን መስጠት ግን ቸልተኛነት ነው።

እንግዲህ ወጣቱ አንባቢያችን ደንቡን ከስልኩ ሳይሆን ከገዛ ቀኑ ይጀምር እንላለን። መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚሠራ፣ መቼ ከቤተሰቡ ጋር እንደሚቀመጥ መጀመሪያ በወረቀት ላይ ያስፍር፤ ከዚያ ከሦስት የማይበልጡ ደንቦችን ለስልኩ ይስጥ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቢያተርፍ በዓመት ከ180 ሰዓት በላይ ይሆናል። ይህ ጊዜ መጽሐፍ ለማንበብና ዘመድ ለመጠየቅ የዋለ እንደሆነ ስልኩ በእውነት አገልጋይ ሆነ ማለት ነው። ተመልሶ ለስልኩ የዋለ እንደሆነ ግን ደንቡን ያወጣው ሌላ ሰው ነው።