በማሊያው ጀርባ ያለው ስም

በቤር ሸቫ ከዩኒቨርሲቲው በር እስከ ሸኩና ዳሌት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ድረስ የእኛን ወጣቶች ልብስ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አንዱ የቺካጎ ቡልስን ቀይ ማሊያ ከ23 ቁጥር ጋር ለብሷል፤ ሌላው የሌከርስን ቢጫ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከ2008 ጀምሮ በሊጉ የሌለውን የሲያትል ሱፐርሶኒክስን አረንጓዴ። ብዙዎቹ ማይክል ጆርዳን በ1998 የቡልስን ማሊያ ለመጨረሻ ጊዜ ሲያወልቅ ገና አልተወለዱም ነበር። አሮጌ ማሊያ መፈለግ፣ መግዛት፣ መለዋወጥና አጣጥፎ ማስቀመጥ በተማሪዎቻችን ዘንድ የተለመደ ነገር ሆኗል።

እናቶቻችን ይህን ሲያዩ ይገረማሉ። «ልጄ፣ አዲስ ልብስ ሞልቶ የሰው አሮጌ በዚህ ሁሉ ሼቄል ትገዛለህ?» ይላሉ። በዚህ ጥያቄ መሳቅ አይገባም። እነሱ መርከዝ ቅሊታ ሲገቡ ሰው የለገሰውን አሮጌ ልብስ የለበሱት ሌላ ስላልነበራቸው ነው። ያረጀ ልብስ ለእነሱ የችግር ምልክት ነው፤ ለእኛ ደግሞ የጌጥ። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚያቀራርብ መልስ ልንሰጣቸው ይገባል።

የእኔ መልስ ይህ ነው፦ አሮጌ ማሊያ መሰብሰብ መልካም ነገር ነው፤ መልካም የሚሆነው ግን ማሊያውን የለበሰውን ሰው እስካስታወስን ድረስ ነው። ከአሜሪካው ማሊያ ጎን ደግሞ የራሳችንን ልጆች ማሊያ ዛሬ ማስቀመጥ ካልጀመርን፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም።

በመጀመሪያ ስለ ገበያው ጥቂት ልበል። በሴፕቴምበር 2022 ጆርዳን በ1998ቱ የፍጻሜ ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ የለበሰው ማሊያ በሶተቢስ ጨረታ በ10.1 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ጨርቁ ሌላው ማሊያ ከሚሠራበት ጨርቅ አይለይም። ገንዘቡ የተከፈለው ያ ሰው፣ በዚያ ምሽት፣ ያንን ልብስ ለብሶ ስለተጫወተ ነው። ስለዚህ ሰብሳቢዎች ማሊያን በሦስት ይከፍሉታል። አንደኛው ተጫዋቹ ራሱ በጨዋታ ላይ የለበሰው ነው፤ ይህንን ለማረጋገጥ የስፌቱን አጣጣል፣ የተተኮሰውን ክር፣ የቁጥሩን መጣመም ሳይቀር ከዕለቱ ፎቶግራፍ ጋር ያስተያያሉ። ሁለተኛው በዚያው ዘመን ለደጋፊ የተሸጠው ነው። ሦስተኛው ዛሬ በአሮጌው አምሳል የሚሠራው ነው፤ በፊላደልፊያ በ1904 የተመሠረተው ሚቸል ኤንድ ነስ የሚታወቀው በዚህ ነው። እኛ ተማሪዎች የምንለብሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛውን ነው። ነውር የለበትም። ነገር ግን ጨርቁ አዲስ ከሆነ፣ አሮጌ የሚያደርገው በጭንቅላታችን ያለው ታሪክ ብቻ ነው። ታሪኩን ካላወቅን የገዛነው ውድ ካናቴራ ነው ማለት ነው።

የቦስተን ሴልቲክስን አረንጓዴ ማሊያ ከ6 ቁጥር ጋር እንውሰድ። ለባሹ ቢል ረስል 11 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። በ2022 ሲሞት ሊጉ ይህ ቁጥር በየትኛውም ቡድን ለአዲስ ተጫዋች እንዳይሰጥ ወሰነ። ረስል በ1961 በኬንታኪ ሌክሲንግተን ከተማ ለጨዋታ ሄዶ ሳለ፣ ጥቁር ጓደኞቹ በሆቴሉ ምግብ ቤት አናስተናግድም ተባሉ። እሱና ጥቁር የቡድን ጓደኞቹ ጨዋታውን ትተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በቀለሙ ምክንያት ከአንድ በር ላይ የተመለሰ ወጣት በእኛ መካከል አለ፤ ይህን የማያውቅ አንባቢ የለም። ያ ወጣት 6 ቁጥርን ለብሶ የሌክሲንግተንን ነገር ካላወቀ፣ ሊያጽናናው የሚችለውን ነገር ጀርባው ላይ ተሸክሞ ሳያየው ያልፋል።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በእስራኤል ቅርጫት ኳስ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ እኛን ሊያነጋግረን የሚገባው ማሊያ የማካቢ ቴል አቪቭ ቢጫ ማሊያ ነው፤ ቁጥሩ 8፣ ለባሹ ኦልሲ ፔሪ። በኒውጀርሲ ኒውአርክ ያደገ፣ በፍሎሪዳ በጥቁሮች ኮሌጅ የተማረ፣ በኤንቢኤ ቦታ ያላገኘ ጥቁር ወጣት ነበር። በ1976 ወደ እስራኤል መጣ። በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1977 ማካቢ የሶቪየቱን ሲኤስካ ሞስኮ በቤልጂየም ቪርተን በምትባል ትንሽ ከተማ 91 ለ79 አሸነፈ፤ ሶቪየቶች ከእስራኤል ጋር ግንኙነት ስላልነበራቸው ጨዋታው በገለልተኛ ቦታ ነበር የተደረገው። የቡድኑ አምበል ታል ብሮዲ «በካርታው ላይ ነን» ያለው ያን ምሽት ነው። በኤፕሪል 7 ደግሞ ቤልግሬድ ላይ የጣሊያኑን ቫሬዜ 78 ለ77 አሸንፈው የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኑ። ሕዝቡ ጎዳና ወጥቶ ጨፈረ። ፔሪም የአገሩ ሁሉ ተወዳጅ ሆነ፤ በኋላ ይሁዲነትን ተቀብሎ ኤሊሻ ቤን አብርሃም ተባለ።

በዚያው በ1977 ዓመት ሌላም ነገር ሆኗል። በእስራኤልና በኢትዮጵያ መንግሥታት ስምምነት የመጀመሪያዎቹ ትንንሽ የቤተ እስራኤል ቡድኖች በአውሮፕላን መጡ፤ ከመቶ ጥቂት ቢበልጡ ነው። ለእነሱ ጎዳና ላይ የጨፈረ አልነበረም። በሙሴ ዘመቻ ከመጡት በኋላም፣ በ1985፣ ሽማግሌዎቻችንና ቄሶቻችን አይሁድነታቸው ጥያቄ ውስጥ በመግባቱ በኢየሩሳሌም ከዋናው ረቢናት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀመጡ። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን የማቀርበው ፔሪን ለመውቀስ አይደለም፤ እሱ የሠራውን በላቡ ሠርቷል። ነገር ግን አንድ አገር ጥቁር ሰውን በሁለት ሚዛን ሲመዝን እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል፦ ጎል የሚያስገባው ወዲያው ታቀፈ፣ በሱዳን በረሃ ልጆቹን ቀብሮ የመጣው ማስረጃ ተጠየቀ። ያንን ቢጫ ማሊያ ሰብስቦ የሚያስቀምጥ የእኛ ተማሪ ሁለቱንም ታሪክ አብሮ ማስቀመጥ ይችላል። ሌላ ሰብሳቢ ይህን አያደርግለትም።

የፔሪ ታሪክ በድል አላበቃም። በ1980ዎቹ በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት በአሜሪካ ታሰረ፤ ከተፈታ በኋላ ወደ እስራኤል ተመልሶ ኑሮውን እንደገና ጀመረ። ይህም አብሮ መታወስ አለበት። በማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ደጋግመን የምንሰማው ሰውን በአንድ ቀኑ አትለኩት የሚለውን ነው፤ በመልካሙም በክፉውም ቀኑ። ማሊያ ግን የሰውን አንድ ቀን ብቻ ነው የሚያሳየው። ቀሪውን ቀን የሚሞላው የሚያስታውሰው ሰው ነው።

እንግዲህ የራሳችንስ? ባሩክ ደጎ በኢትዮጵያ ተወልዶ ለእስራኤል ብሔራዊ ቡድን ከተሰለፉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ በ2004 ከማካቢ ቴል አቪቭ ጋር በሻምፒዮንስ ሊግ ተጫውቶ በጁቬንቱስ ላይ ጎል አስቆጥሯል። በነታንያ የተወለደው ኤሊ ዳሳ የብሔራዊ ቡድኑን የአምበል መታወቂያ በክንዱ አስሯል። ማሩ ተፈሪ በኦገስት 2022 ሙኒክ ላይ በአውሮፓ ሻምፒዮና ማራቶን ብር፣ ጋሻው አየለ ነሐስ ሲያገኙ፣ ቡድናቸው ወርቅ ወሰደ፤ በቀጣዩ ዓመት ማሩ ቡዳፔስት ላይ በዓለም ሻምፒዮና ብር ጨመረ። የደጎን የ2004 ማሊያ ያስቀመጠ ከመካከላችን ማን ነው? ሯጮቹ ደረታቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ ያያያዙት የቁጥር ወረቀትስ የት ይገኛል? የጆርዳንን የፍጻሜ ጨዋታዎች በቃሉ የሚቆጥር ወጣት የሙኒክን ቀን ሲጠየቅ ዝም ይላል።

በእኛ ልጆች ማሊያ ጀርባ የተጻፈው ስም ደግሞ ለብቻው ታሪክ አለው። በኢትዮጵያ ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አልነበረንም። እዚህ ስንደርስ መዝጋቢው የቤተሰብ ስም ስለጠየቀ ብዙ ጊዜ የአያት ስም ተጻፈ፤ የብዙ ልጆች የራሳቸው ስምም በዕብራይስጥ ተለወጠ። ስለዚህ ከአንድ ማሊያ ጀርባ ላይ የሚነበበው ስም፣ ምናልባት በጎንደር ገጠር አርሶና ብረት ቀጥቅጦ ኖሮ የሞተ፣ ኳስ አይቶ የማያውቅ አያት ስም ነው። ሃያ ሺህ ሰው በስታዲየም ያንን ስም ሲጠራ ምን ማለት እንደሆነ ለአንድ ሽማግሌ አስረዱት፤ ያኔ ለአሮጌ ልብስ ለምን ገንዘብ እንደሚወጣ ይገባዋል።

ማስታወስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከጋብቻ በፊት እስከ ሰባት ቤት ዘር የሚቆጥር ሕዝብ ልጆች ነን። ሰባት ትውልድ ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ፎቶግራፍ በቃል ተይዞ እዚህ ደርሷል። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ባዶ እግሩን ሮጦ ሲያሸንፍ የለበሰው ቁጥር 11 ነበር። አባቶቻችን ባዶ እግሩን ያስታውሳሉ፤ ቁጥሩን ግን አይነግሯችሁም። እኛ ደግሞ የብዙ ሰው ቁጥር እናውቃለን፤ የሰውየውን ነገር ግን አንናገርም። ሁለቱ አንድ ላይ መቀመጥ አለባቸው፤ የሚቀመጡትም በአንድ ቤት፣ በአንድ የቡና ረከቦት ዙሪያ ነው።

የምንኖርባት ከተማም ታስተምረናለች። ሃፖኤል ቤር ሸቫ በ1975ና በ1976 ተከታትሎ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ እስከ 2016 ድረስ 40 ዓመት ጠበቀ። በእነዚያ ዓመታት ቀይ ማሊያውን ያልጣሉ አባቶች ለልጆቻቸው አወረሱት። በሴፕቴምበር 2016 ቡድኑ ሳን ሲሮ ላይ ኢንተር ሚላንን 2 ለ0 ሲያሸንፍ ደስታው የዚያ ዓመት ብቻ አልነበረም፤ በየቁም ሣጥኑ የቆየው ጨርቅም ድርሻ ነበረው።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ከባድም ነው። «ሰው እንደሆነ ጥቁር ልጅ ሲያይ ሯጭ ወይም ኳስ ተጫዋች ይመስለዋል። ወላጆቻችን የለፉት ሐኪምና መሐንዲስ እንድንሆን ነው። እናንተ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ደግሞ ማሊያ ታከብራላችሁ?» የሚል ነው። እውነት አለበት። የማስታወሻ መደርደሪያችን በኳስ ብቻ ቢሞላ ሌላው ሰው ስለ እኛ የሚያስበውን እናጸናለን። ስለዚህ መደርደሪያው ይስፋ፦ የመጀመሪያዋ ነርስ ጋውን፣ የወታደሩ ቤሬት፣ የቄሱ ጭራ፣ የመጀመሪያው ዲግሪ የተለበሰበት ካባ ይጨመርበት። ማሊያው ግን በር መክፈቻ ነው። ስለ ራሱ አልናገር ያለ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስለ ለበሰው ቁጥር ሲጠየቅ አንደበቱ ይፈታል። ከዚያ ወደ አባቱ፣ ወደ አያቱ መሻገር ቀላል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ለዚህ መልሱ አጭር ነው፦ የትምህርት ክፍያና የቤት ኪራይ ያለበት ተማሪ ውድ ማሊያ አይግዛ። እኔ የምለው ማሊያ ከነጭራሹ አይሸጥም። የማትናሱ ቡድን ማሊያ ነው፤ የሴት ልጆች ቡድን ማሊያ ነው፤ ታላቅ ወንድም በአሥራ ሰባት ዓመቱ ለብሶት ጉልበቱ ከተጎዳ በኋላ አልጋ ሥር የቀረው ነው። ገበያው ዋጋ አይሰጠውም፤ እኛ ካልያዝነው ለፋሲካ ጽዳት የወለል መወልወያ ይሆናል።

ስለዚህ ለእኛ ማኅበርና ለየቤተሰቡ ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከመግዛታችን በፊት ቤታችንን እንፈትሽ። የተገኘውን በቀዝቃዛ ውኃ፣ ገልብጠን እንጠብ፤ ቁጥሩ ላይ ካውያ አይረፍበት። በነጠላ ወይም በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለን፣ ከቤር ሸቫ ፀሐይ ራቅ አድርገን እናስቀምጥ። ፌስታል ውስጥ ከታፈነ ይሻግታል።

ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ማሊያ ጋር አንድ ወረቀት ይቀመጥ፤ ማን ለበሰው፣ መቼ፣ የት፣ ማን አጠበው፣ ጀርባው ላይ ያለው ስም የማን ስም ነው። በአማርኛም በዕብራይስጥም ይጻፍ፤ አንዱ ለአያት፣ ሌላው ለልጅ ልጅ።

ሦስተኛ፣ የተማሪዎች ማኅበራችን ለሚመጣው ስግድ አንድ ጠረጴዛ ይስጠን። ቤተሰቦች ያላቸውን ያምጡ፤ ተማሪዎች ይጠይቁ፣ በስልካቸው ድምፅ ይቅረጹ። የእናቶችና የአባቶች ድምፅ ከማሊያው ቀድሞ ያልቃልና፣ መጀመሪያ የሚቀረጸው እሱ ይሁን።

የጆርዳንን ማሊያ አታውልቁ። እኔም አላወልቅም። ነገር ግን በሚቀጥለው ሰንበት ቤት ስትሄዱ ከታላላቆቻችሁ አንዱን «በልጅነትህ ስንት ቁጥር ነበር የምትለብሰው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ጻፉት።