ከ6ኛ ወደ 7ኛ፦ ልጅ እንቀይር ወይስ እንተው?

በአዲስ አበባ የ6ኛ ክፍል ልጅ ያለው ወላጅ ሰሞኑን እንቅልፍ የለውም። ምክንያቱ የጤፍና የዘይት ዋጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ክረምቱ ሳይገባ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ አለ፦ ልጁ 7ኛ ክፍልን የት ይማር? ባለበት ይቀጥል? ስም ወዳለው «ትልቅ» ትምህርት ቤት ይዛወር? ወይስ ከግል ወጥቶ መንግሥት ቤት ይግባ?

እኔም ከነዚህ ወላጆች አንዱ ነኝ። ልጄ የምትማረው ስሙ ከሰፈራችን አልፎ በማይታወቅ ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ነው። ባለቤቴ «ትቀየር» ትላለች፤ እኔ «ትቆይ» እላለሁ። ጎረቤቱም ሳይጠየቅ ይፈርዳል። ነገሩ የእኛ ቤት ጭቅጭቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ ላይ ባልወጣ። ግን በየቤቱ ያለ ጉዳይ ነውና እናውራው።

ለመሆኑ 7ኛ ክፍል እንዲህ የሚያስጨንቀን ለምንድን ነው? በንጉሡም በደርግም ዘመን ትምህርት 6-2-4 ነበር፤ አንደኛ ደረጃ በ6ኛ ያበቃል፣ 7ኛና 8ኛ ለብቻው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ይህን አፍርሶ አንደኛ ደረጃን እስከ 8ኛ ክፍል አደረገው፤ 10ኛ ላይ ብሔራዊ ፈተና ተከለ። እኔ የዚያ ሥርዓት ልጅ ነኝ። 10ኛ ላይ ተፈትነን፣ ከፊሉ ወደ መሰናዶ፣ ከፊሉ ወደ ሙያ ተበትነን ዲፕሎማችንን ይዘን ወጣን። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ እንደገና 6-2-4 አለን። ሠላሳ ዓመት ግድም ዞረን ዞረን እዚያው! የዞርነው ግን እኛ ተማሪዎቹ ነን እንጂ ፖሊሲ አውጪዎቹ አይደሉም። የእነሱ ልጆች የት እንደሚማሩ አንባቢ ያውቃል።

ዋናው ነገር ግን ቁጥሩ አይደለም፤ ቋንቋው ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት በአማርኛ የሚማር ልጅ እስከ 6ኛ ክፍል ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአማርኛ ይማራል። መስከረም ላይ 7ኛ ሲገባ ሒሳቡም፣ ሳይንሱም፣ ሕብረተሰቡም በአንድ ጀምበር እንግሊዝኛ ይሆናል። ሰኔ ላይ «ክፍልፋይ» ያለው ልጅ መስከረም ላይ «ፍራክሽን» በል ይባላል። የምግብ መፈጨትን በአማርኛ ጥርት አድርጎ ያስረዳ የነበረ ልጅ «ዳይጀስቲቭ ሲስተም» የሚል ርዕስ ላይ አፉ ይያዛል። ሰነፍ ሆኖ ነው? አይደለም። ድልድይ በሌለበት ወንዝ ተሻገር ተብሎ ነው።

ይህን ክፍተት ገበያው ከመንግሥት ቀድሞ አይቶታል። «ከኬጂ ጀምሮ በእንግሊዝኛ» የሚለው ማስታወቂያ የሚሸጠው ለዚህ ነው። ወላጅም ይገዛል፤ ምን ያድርግ? ግን የሚሸጠው ዕቃ ምን እንደሆነ እንይ። የጎረቤቴ ልጅ ስሙ ከተጠራ የግል ትምህርት ቤት ነው የሚማረው፤ 7ኛ ክፍል ነው። «ፎቶሲንተሲስ ምንድን ነው?» አልኩት። ትንፋሽ ሳይወስድ በእንግሊዝኛ ለቀቀልኝ፤ እናቱ ደስ አላት። «አሁን ደግሞ በአማርኛ ንገረኝ፣ ተክሉ ምን እያደረገ ነው?» ስለው ዝም። «በራስህ እንግሊዝኛ ንገረኝ» አልኩት፤ አሁንም ዝም። ልጁ ጎበዝ ነው፤ የተሰጠውን ሸምድዷል። ያልተሰጠው መረዳቱ ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር ቀርቦ የነበረ የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ከገቡት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ጥናቱን ያስጠናው ራሱ ሚኒስቴሩ ነው። ታዲያ የአዲስ አበባ ልጅ ዛሬም 7ኛ ክፍል ላይ ያለ ድልድይ የሚዘለው ለምንድን ነው? መልሱን የሚመለከተው ክፍል ይስጠን።

መጨረሻው ምን እንደሚመስል አይተናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ሆኑ። ኩረጃው መቆሙን አልቃወምም፤ መቆም ነበረበት። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ 8.4 በመቶ ሲደርስ ግን «መሻሻል» ተብሎ ተጨበጨበ። ከመቶ ልጅ ዘጠና አንዱ ወድቆ ጭብጨባ! እነዚህ ልጆች 12ኛ ክፍል ላይ በድንገት የደነቆሩ ይመስላችኋል? ብዙዎቹ የቀሩት ያኔ 7ኛ ክፍል ላይ፣ ወንዙ መሐል ነው።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስና፣ ልወስን ብዬ ሦስት ትምህርት ቤቶችን ዞርኩ። የመጀመሪያው «ትልቅ» የሚባለው ነው። ወርሃዊ ክፍያው ከቤት ኪራዬ ይበልጣል፤ መመዝገቢያ፣ ሰርቪስና ዩኒፎርም ሲጨመርበት ተዉት። የሚያስጎበኙት ሰው ስለ ካሜራውና ስለ ኮምፒዩተሩ ነገሩኝ። «የ7ኛ ክፍል የሒሳብ መምህሩ እዚህ ስንት ዓመት ሠሩ?» ስላቸው ግን ግራ ተጋቡ። «ወላጆች እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አይጠይቁንም» አሉኝ። ሁለተኛውም የዚያው ታናሽ ወንድም ነው። ሦስተኛው የመንግሥት ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው ምገባ ለብዙ ደሃ ልጅ ደርሷል፤ ደግ ሥራ ነውና ደግ እንበለው። ዳይሬክተሩም የሚደብቁት ነገር አልነበረም። «ወንድሜ፣ መምህር አለኝ፤ የሌለኝ ቦታ ነው» አሉኝ። ክፍሎቹን በመስኮት አየሁ፤ እውነታቸውን ነው።

የባለቤቴን ክርክርም ልደብቅ አልፈልግም። «የእኛ ትምህርት ቤት 8ኛ ላይ ያበቃል፤ 9ኛ ላይ መቀየሯ ካልቀረ አሁኑኑ ትቀየርና ትልመድ። ደግሞም እኛ ጋ መምህር አይቆይም፤ ዘንድሮ የእንግሊዝኛው በዓመቱ አጋማሽ ለቆ ሄደ» ትላለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የትናንሽ የግል ትምህርት ቤቶች ትልቁ በሽታ ይኸው ነው፤ ደመወዝ ያንሳል፣ መምህሩ ሌላ ሲያገኝ ይሄዳል፣ ልጁ በዓመት ሁለት መምህር ይለምዳል። መምህር በየወሩ በሚቀያየርበት ቤት ልጅን «ትቆይ» ማለትም ግትርነት ነው።

ስለዚህ እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። 7ኛ ክፍል የገባ ልጅ መጽሐፉም፣ ቋንቋውም፣ ገላውም ጭምር የሚለወጥበት የ12 እና የ13 ዓመት ልጅ ነው። በዚያ ላይ ሰፈሩን፣ ጓደኛውንና መምህሩን በአንድ ላይ መቀየር ሸክም መደራረብ ነው። ሸክሙ የሚደረበው በቂ ምክንያት ሲኖር ነው። በቂ ምክንያት ደግሞ የበሩ ቀለም፣ የሰርቪሱ ቁጥር ወይም የጎረቤት ሐሜት አይደለም፤ መምህር ነው።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። የ7ኛ ክፍል የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ከተቀጠሩ ስንት ዓመታቸው ነው? በአንድ ክፍል ስንት ልጅ አለ? ልጁ በእንግሊዝኛ ያልገባውን በአማርኛ ቢጠይቅ ይመለስለታል ወይስ ይቀጣል? ላቦራቶሪው ቁልፉ የማን ኪስ ውስጥ ነው? ልጁ በእግሩ ቤቱ ይደርሳል ወይስ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ሰርቪስ ይጠብቃል? ባለፈው ዓመት 8ኛ ክፍል ከተፈተኑት ስንቱ አለፉ? ይህን የማይመልስ ትምህርት ቤት ስሙ የፈለገውን ያህል ቢገን መሸኛ አስወጥታችሁ አትሂዱለት።

በቤታችንም ስምምነት ላይ ደርሰናል። ልጄ የሒሳብና የሳይንስ መምህራኖቿ እስካሉ ድረስ እዚያው ትቆያለች። ለትልቁ ትምህርት ቤት ልንከፍለው ከነበረው ጥቂቱ በክረምት እንግሊዝኛዋን ለሚያጠናክርላት አስጠኚ ይሆናል። ሁለቱ መምህራን ከለቀቁ ግን የባለቤቴ ሐሳብ ይጸናል። ሌላ ወላጅ ሌላ ውሳኔ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ የልጁን ጠባይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ግን እስከ መቼ ነው እያንዳንዱ ወላጅ በየጓዳው የራሱን ድልድይ የሚሠራው? አስጠኚ የሚቀጥርበት የሌለው የቀን ሠራተኛስ ምን ይሁን? ጥያቄያችን ብዙ አይደለም። በ6ኛና በ7ኛ መካከል ባለው ክረምት በየወረዳው ነጻ የእንግሊዝኛ ማሸጋገሪያ ትምህርት ይሰጥ። በ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ ለከባድ ቃላት የአማርኛ ፍቺ ይግባ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት፣ የግልም የመንግሥትም፣ የተማሪውን ብዛት፣ የመምህራኑን የአገልግሎት ዘመንና የፈተና ውጤቱን በሩ ላይ ይለጥፍ። ለወረቀትና ለማጣበቂያ የሚሆን በጀት የለም እንዳትሉን። መረጃው ከሌለ ወላጅ መረጠ አይባልም፤ ዕጣ ጣለ እንጂ። በልጅ ደግሞ ዕጣ አይጣልም።