ሥራው የእኛ፣ ስሙ የሌላ እስከ መቼ?

በሽኩና ዳሌት ማለዳ ላይ የቀለም ባልዲና መሰላል ይዞ መኪና የሚጠብቅ ወገናችንን ማየት ብርቅ አይደለም። ግድግዳ የሚቀባ፣ ሴራሚክ የሚያነጥፍ፣ ቧንቧ የሚጠግን ባለሙያ አለን። ብዙዎቹ ግን የሚሠሩት በሌላ ካብላን ስር ነው። ካብላኑ ከቤቱ ባለቤት ጋር ይዋዋላል፣ ዋጋ ይቆርጣል፣ ሥራው ሲያምር ምስጋናውን ይቀበላል። የእኛ ሰው የቀን ሒሳቡን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ባለቤቱ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ክፍል ማሳደስ ሲፈልግ የሚደውለው ለካብላኑ ነው፤ ግድግዳውን በእጁ ያስተካከለውን ሰው ስሙን እንኳ አያውቀውም።

እኛ በማኅበራዊ ሥራ የተሰማራን ሰዎች የዚህን መጨረሻ እናያለን። ካብላኑ ክፍያ ሲያዘገይ ወይም መደወሉን ሲተው፣ ያ እጀ ወርቅ አባት የመብራት ሒሳብ ወረቀቱን ይዞ ወደ ቢሮ ይመጣል። ለምን በራስዎ ስም አይሠሩም ብለን ስንጠይቅ የምንሰማው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ማን ያውቀኛል?»

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። በጎንደር በኩል ማረሻ ያሠራ ገበሬ አንጥረኛውን በስሙም በመንደሩም ያውቀው ነበር። ማረሻው ቶሎ ቢበላ በገበያ ቀን ይወራል፣ ቢበረክትም ይወራል። ነገር ግን ያንኑ ማረሻ የገዛ ሰው፣ ከእናቶቻችን እጅ ጀበናና ድስት የገዛ ሰው፣ ዞር ብሎ ወላጆቻችንን «ቡዳ» ይል ነበር። እጃችንን እየፈለገ ስማችንን ያጠፋ ነበር። ስለ እኛ ሌላው ብቻ ሲናገር፣ እኛም ምስክር ሳናቆም ስንቀር ምን እንደሚሆን የሚያስተምረን አያስፈልግም።

እዚህ አገር የገበያው ወሬ ወደ ስልክ ገብቷል። በራሞት ወይም በኔቬ ዜኤቭ የሚኖር ሰው መታጠቢያ ቤቱን ሊያሳድስ ሲያስብ በጉግል ካርታ ላይ ወይም እንደ ሚድራግ ባሉ ገጾች ፈልጎ ከዚህ በፊት ያሠሩ ሰዎች የጻፉትን ያነባል። አስተያየት የሌለው ባለሙያ ለእሱ የለም ማለት ነው። ሃያ ዓመት ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ሰው ግን ትናንት እንደ ጀመረ ነው።

ሽማግሌዎቻችን ሰው ራሱን አያመሰግንም ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን ደንበኛው የጻፈው የደንበኛው ምስክርነት ነው እንጂ ባለሙያው ራሱን ማመስገኑ አይደለም። ሁለቱን መለየት ምን ያህል እንደሚያዋጣ በአሜሪካ የተደረገ አንድ ጥናት በደንብ ያሳያል። ሩኦሜንግ ትሱይ፣ ጁን ሊና ዴኒስ ዣንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት በዚህ ጥናት፣ ኤርቢኤንቢ በተባለው የቤት ኪራይ አገልግሎት በኩል የእንግድነት ጥያቄ ላኩ። ልዩነቱ ስሙ ብቻ ነበር፤ አንዳንዱ የነጭ የሚመስል፣ ሌላው የጥቁር አሜሪካዊ የሚመስል። አስተያየት ሳይኖር የመጀመሪያዎቹን ከ100 ወደ 48 ያህሉ አከራዮች ሲቀበሉ፣ ሁለተኛዎቹን የተቀበሉት ወደ 29 ብቻ ነበሩ። በእንግዳው ገጽ ላይ አንድ መልካም አስተያየት ሲጨመር ግን ልዩነቱ ጠፋ። እንግዳው ራሱ «ንጹሕ ነኝ፣ ተግባቢ ነኝ» ብሎ መጻፉ ምንም አልረዳውም፤ የሠራው ሌላ ሰው የጻፈው ነው። የቤት እንግዳና የግድግዳ ቀቢ አንድ አይደሉም። ሆኖም ስማችንን ሰምቶ ወይም መልካችንን አይቶ የሚያመነታ ደንበኛ መኖሩን ሁላችንም ስለምናውቅ ነገሩ ይመለከተናል። በሩን ጨርሶ የማይከፍት ሰው ይኖራል፤ ለእሱ መቶ አስተያየትም አይበቃው ይሆናል። የምንናገረው ስለሚያመነታው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በጉግል ላይ የንግድ ገጽ መክፈት ገንዘብ አያስከፍልም፣ የቤት አድራሻንም ለሕዝብ ማሳየት ግድ አይደለም። ከዚያ በፊት ግን በራስ ስም ለመሥራት በዖሴክ ፓቱር ወይም በዖሴክ ሙርሼ ተመዝግቦ ደረሰኝ መስጠት ያስፈልጋል፤ የኤሌክትሪክ ሥራ ደግሞ ያለ ፈቃድ አይሞከርም። የቀረው ትልቁ ነገር መጠየቅ ነው። መጠየቂያው ጊዜ ሥራው አልቆ፣ ወለሉ ተጠርጎ፣ ደንበኛው ደስ ብሎት ቡና ሲያቀርብ ነው። በዋትሳፕ ማስፈንጠሪያውን ልኮ «ሁለት መስመር ጻፉልኝ» ማለት ነውር የለበትም። «ጥሩ ሰው ነው» የሚለው ብዙ አይጠቅምም። ምን ሠራ፣ በስንት ቀን ጨረሰ፣ በተነጋገሩበት ዋጋ ጸና ወይስ አልጸና፣ ቤቱን አጽድቶ ሄደ ወይ፣ ይህ ይጻፍ። ዩኒቨርሲቲው በአጠገባችን ነው፤ በበጋው መጨረሻ የተማሪ ኪራይ ቤቶች ተከራይ ሲለውጡ የሚቀባው ግድግዳ ብዙ ነው። የአንድ አከራይ ምስክርነት ሌሎች አከራዮችን ይጠራል።

አንድ ነገር ግን እንቃወማለን። የአጎት ልጆችን ሰብስቦ አምስት አምስት ኮከብ ማስደርደር ማታለል ነው፤ ዘመዳችን ብዙ ነውና ፈተናው ለእኛ ከባድ ነው! ለአስተያየት ብሎ ዋጋ መቀነስንም ጉግል ይከለክላል። መጥፎ አስተያየት የመጣ እንደሆነ ደግሞ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብሎ መተው አያዋጣም፤ ደውሎ መሳደብም የባሰ ነው። ጉድለቱ እውነት ከሆነ ሄዶ ማስተካከልና ከስሩ በጨዋ ዕብራይስጥ መልስ መጻፍ ይበቃል። ዕብራይስጡ ቢከብድ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆቻችን አሉ።

ወቀሳው ለባለሙያዎቹ ብቻ አይደለም። ቤታችንን በወገናችን ስናስቀባ ዋጋውን እንከራከራለን፣ እንጀራ እናቀርባለን፣ መርቀንም እንሸኛለን፤ ከዚያ በኋላ አንዲት መስመር አንጽፍለትም። በአማርኛ የተጻፈም ይቆጠራል። መጻፍ የማትችል እናት ብትኖር እሷ ትናገር፣ ልጇ በእሷው ስልክ ይጻፍላት። ባለፈው ዓመት ቤቱን ያስቀባ ሰው ዛሬ ማታ ሊጽፍ ይችላል፤ ግድግዳው አሁንም ፊት ለፊቱ ነው።