ከማጀት የወጣ ቋንቋ

እህቴ የምትኖረው ቶሮንቶ ነው። እሑድ እሑድ ትደውልና ወሬው ሲያልቅ ስልኩን ለዘጠኝ ዓመት ልጇ ታቀብለዋለች። እናቴ «እንዴት ነህ የኔ ጌታ?» ትለዋለች። «ደህና» ይላል። «ትምህርትስ?» «ደህና»። ከዚያ ወዲያ ዝምታ ነው። ባለፈው እናቴ ስልኩን መልሳ እየሰጠችኝ «በቃ፣ ልጁን አላስጨንቀው» አለች። ይህች ቃሏ ከልቤ አልወጣ ብላ ነው ዛሬ ስለ ሙንቢም የማወጋችሁ።

ሙንቢም እህቴ ባለችበት በካናዳው የኦንታሪዮ ግዛት ውስጥ የምትገኝ ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ነዋሪዎቿ 1,200 ገደማ ቢሆኑ ነው። ግዛቱ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲሆን የሙንቢም ሰው ግን አብዛኛው አፉን የፈታው በፈረንሳይኛ ነው። የሚገርመው የከተማዋ ስም ራሱ እንግሊዝኛ መሆኑ ነው፤ «የጨረቃ ጨረር» ማለት ነው። የጥንት ሰፋሪዎች ከሰማይ ሲወርድ ባዩት ብርሃን ምክንያት የወጣ ስም ነው ይባላል። ሰዎቹ ጨዋታ ያውቃሉና በአውራ ጎዳናው ዳር ከሌላ ዓለም የመጣ የሚመስል ትልቅ በራሪ ሳህን ሠርተው አቁመዋል። መንገደኛው እየቆመ ፎቶ ይነሣበታል።

ታሪኩ ግን ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከዛሬ መቶ ዓመት በፊት በዚያ ደን ውስጥ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ከኩቤክ ብዙ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች መሬት ፍለጋ መጡ። በጋው አጭር፣ ክረምቱ አጥንት የሚሰብር ነው። በበጋ ያርሳሉ፣ በክረምት እንጨት ይቆርጣሉ። እነሱ ገና ዛፉን ሳይመነጥሩ፣ በ1912 (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የኦንታሪዮ መንግሥት ደንብ ቁጥር 17 የሚባለውን አወጣ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የትምህርት ዓመታት በኋላ በፈረንሳይኛ ማስተማር ተከለከለ። በዓመቱ ሲሻሻል የተፈቀደው በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ልጆች የፈረንሳይኛ መጽሐፋቸውን ይደብቁ እንደነበር የዚያ ዘመን ሰዎች ሲያወሩ ኖረዋል።

ትግሉ የጋመው በዋና ከተማይቱ በኦታዋ ነው። ቤያትሪስና ዲያን ዴሎዥ የሚባሉ ሁለት እህትማማች መምህራን ደንቡን አንቀበልም ብለው በፈረንሳይኛ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በጥር 1916 እናቶች የጊግ ትምህርት ቤትን በር ዘግተው ቆሙ። መሣሪያቸው ምን ነበር ብትሉ፣ ባርኔጣቸውን ከጸጉራቸው ጋር የሚያያይዙበት ረጅም መርፌ! ፖሊሶቹ ተመለሱ። ደንቡ በ1927 ሥራ ላይ መዋሉ ቀረ። መንግሥት ግን ይቅርታ የጠየቀው በ2016 ነው። የተበደሉት ልጆች እኮ በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ በሕይወት አልነበሩም።

እኔን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሕጉ ቢለሰልስም እንጀራው በእንግሊዝኛ ነበር። ከሙንቢም ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በካፑስካሲንግ የተቋቋመው ትልቁ የወረቀት ፋብሪካ የአሜሪካኖች ገንዘብ ያለበት ነበር። ሙሉ በሙሉ በፈረንሳይኛ የሚያስተምር የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተፈቀደው ደግሞ በ1968 ነው። እስከዚያ ድረስ ቋንቋውን ያቆየው ማን ነው? ማጀቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ጎረቤቱ ነው። ልጁ ዳቦ ሲጠይቅ በፈረንሳይኛ፣ ሲቆጡት በፈረንሳይኛ፣ በአጥር ላይ ሲጫወት በፈረንሳይኛ።

ዛሬም ወጣቱ ለትምህርትና ለሥራ ወደ ደቡብ ይወርዳል። እዚያ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ያገባል፤ ገበታው ላይ ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ ይነግሣል። ልጆቹ አያታቸውን ሊጠይቁ ወደ ሰሜን ሲመጡ ምን እንደሚሆን እኔና እናንተ አናጣውም።

እህቴን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው። የሙንቢም እናት መንደሩ ሁሉ ከጎኗ ነበር፤ እህቴ ያላት አንድ አፓርታማ ነው። ከሥራ ደክማ ትገባለች፣ ልጁ በእንግሊዝኛ ይጠይቃታል፣ እሷም በሚቀናው ትመልስለታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ትወስደዋለች፤ ፊደል ቆጥሯል። ግን ፊደል የቆጠረ ልጅ «እራበኝ» ማለትን ከመምህር አይማርም። የእኛም ጥፋት አለበት፤ ስልክ ስናነሣ የምንጠይቀው ያንኑ ሁለት ጥያቄ ነው።

ይህን ለእህቴ አጫወትኳት። ባለፈው እሑድ ስልኩን ወጥ ቤት ውስጥ አቁማ፣ ወጥ እየሠራች ከልጁ ጋር ደወለች። እናቴ «ምን እየሠራችሁ ነው?» አለችው።

«ሽንኩርት» አለ።

«ሽንኩርቱን ምን እያደረጋችሁት ነው?»

ቃሉ ጠፋበት። ዞር ብሎ እናቱን በሹክሹክታ ሲጠይቃት ይሰማናል። ጠበቅነው።